ማሽላዬን ትቼ ጉሎ ልትከል?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ አካባቢ፣ ግማሽ ሄክታር ማሽላ አለኝ። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ እዚያ መንግሥት ነዳጅ የሚሆን ተክል ለሚያለማ ገበሬ ገንዘብ ይከፍላል አለኝ። እኛስ አገር እንዲህ ያለ ድጎማ አለ? ማሽላውን ትቼ ጉሎ ወይም ጃትሮፋ (ፍሬው ለነዳጅ የሚሆን ዘይት ያለው ቁጥቋጦ) ብተክል ያዋጣኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ የእህትዎ ልጅ የነገረዎት እውነት ነው፤ የቀረው ነገር ግን አለ። አሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የእርሻ ሕግ፣ ለኃይል የሚሆን ሣርና ዛፍ ለሚያለማ ገበሬ የማቋቋሚያ ወጪውን እስከ 75 በመቶ ትሸፍን ነበር። በ2014ቱ ሕግ ይህ ወደ 50 በመቶ ወረደ። ተክሉ ለምርት እስኪደርስ ገበሬው ባዶ እጁን እንዳይቀር ደግሞ ለሣር እስከ 5 ዓመት፣ ለዛፍ እስከ 15 ዓመት የሚዘልቅ ዓመታዊ ክፍያ ነበረው። ታዲያ ገንዘቡ ይሰጥ የነበረው ምርቱን የሚቀበል ፋብሪካ በአቅራቢያው ላለ ገበሬ ነበር። ገዢ በሌለበት ድጎማ አልነበረም። በ2018 በወጣው ሕግ ደግሞ ለፕሮግራሙ በግዴታ ይመደብ የነበረው በጀት ቀርቷል።

በእኛ አገር ለኃይል ሰብል በሄክታር የሚከፈል ድጎማ የለም። የባዮፊውል (ከተክል የሚገኝ ነዳጅ) ስትራቴጂ በ2007 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ በዚያው ሰሞንም በምሥራቅ ሐረርጌ በባቢሌና በፈዲስ በኩል ጉሎ በሰፊው ተሞክሮ ነበር። የተባለው ምርት ሳይገኝ ሥራው ቆመ። ማሽላና በቆሎ ያበቅል የነበረ መሬቱን ለጉሎ የሰጠ ቤተሰብ ጎተራው ባዶ ሲሆን ምን እንደሚደርስበት ለእርስዎ አልነግርዎትም። ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ የማሽላውን መሬት አይንኩ።

ጃትሮፋ ድርቅን ይችላል የሚባለው ልክ ነው፤ አይሞትም። ግን ተክሉን በሕይወት የሚያቆየው ዝናብና ጥሩ ፍሬ እንዲሰጥ የሚያደርገው ዝናብ አንድ አይደሉም። በእኛ ቆላ በሚጥለው ዝናብ የሚለቀመው ፍሬ የጉልበትዎን ዋጋ እንኳ ላይመልስ ይችላል። ለአጥር ከሆነ ግን ጥሩ ነው፤ ከብት አይበላውም። የጉሎም የጃትሮፋም ፍሬ መርዝ እንዳለው አይርሱ፤ ልጆች እንዳይቀምሱት ይጠንቀቁ፤ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎም ለፍየል ወይም ለበሬ እንዳይሰጡ።

እርስዎ እኮ የኃይል ሰብል ዱሮም አለዎት። የማሽላው አገዳ ማገዶ ነው፣ የሰንጋ መኖ ነው፣ ለቤትና ለአጥር ይሆናል። ሁሉም ከማሳው ወጥቶ ሲያልቅ ግን መሬቱ ይራቆታል፤ ቢያንስ ጉቶውን ከነሥሩ አይንቀሉት።

የማገዶ ችግር ካለብዎት እኔ የምመርጥልዎት የርግብ አተር ነው። የእርከኑን ጠርዝ ይዞ፣ በግማሽ ሜትር ርቀት፣ ዝናቡ እንደያዘ ይዝሩት። ፍሬው ይበላል፣ ቅጠሉ መኖ ነው፣ ግንዱ ሲቆረጥ ይነዳል፣ ሥሩም ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራል። ለጥቂት ዓመታት ይቆያል። ድክመቱ መጀመሪያ ላይ አዝጋሚ መሆኑ ነው፤ ፍየል በመጀመሪያው ዓመት ካገኘው አለቀለት፣ ስለዚህ በእሾህ ይከልሉት። ዘሩን ለማግኘት በቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በኩል የፈዲስ ምርምር ማዕከልን ወይም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲን ያስጠይቁ።

ከድጎማ አንፃር የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ባዮጋዝ፣ ማለትም ከእበት የሚገኝ የማብሰያ ጋዝ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ለማብላያው ግንባታ የወጪውን ከፊል ሲደግፍ ቆይቷል። አሁን በእናንተ ቀበሌ ይኖር እንደሆነ የውሃና ኢነርጂ ቢሮን ይጠይቁ። 4 ያህል ከብት በረት ውስጥ የሚያድር ከሌለዎት፣ በየቀኑም ከእበቱ ጋር እኩል የሚሆን ውሃ ከሌለዎት ግን አይግቡበት።

ወደፊት ጉሎ ወይም ሌላ ተክል ላስተክልዎ የሚል ሰው ከመጣ፣ ዋጋው በጽሑፍ ይሁን፤ ዝናብ ቢቀር ኪሳራው የማን እንደሆነና ገንዘቡ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚከፈል ሳያስጽፉ አይፈርሙ።