«ፉርጎ» በመቃብር ድንጋይ ላይ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ወንድ አያቴ ድሬዳዋ ላይ በምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ባልደረቦቻቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚጠሯቸው «ፉርጎ» እያሉ ነው። ታላቅ ወንድማቸው ቀልደኛና ፈጣን፣ እርሳቸው ግን ከኋላ ዝም ብለው የሚከተሉ ነበሩ ይባላል። ልጅ ሳለሁ «ፉርጎ» ብዬ ብጠራቸው ሴት አያቴ በጥፊ አሉኝ። ቃሉ አማርኛ ነው? ስድብ ነው? ሐውልታቸው ላይ ብንጽፈውስ? (ከከዚራ)

መልስ፦ ጥፊውን እንደ ማስረጃ ይዤዋለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው። «ፉርጎን» ከባቡር ጋር የሚቀጠል የዕቃ መጫኛ ነው። የመጨረሻዋ «ን» ስትጻፍ እንጂ ስትነገር ራሷን ችላ አትሰማም፤ አናባቢውን በአፍንጫ ታስወጣዋለች። አማርኛ እንዲህ ያለ አናባቢ ስለሌለው «ፉርጎ» ብሎ አስቀረው። ቃሉን ከሐዲድ ሠራተኛ አፍ እንጂ ከመጽሐፍ እንዳልቀዳነው በዚህ ይታወቃል። ለገሃርም «ላ ጋር» ከሚለው በጆሮ የተወሰደ ነው። ትርጉሙ «ጣቢያው» ስለሆነ «ለገሃር ጣቢያ» የሚል ሰው ጣቢያን ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ እኔም እላለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ቃሉ እንጂ ስለ አያትዎ አይነግረንም። ቁልምጫ ከስሙ ይወጣል፤ ተስፋዬ «ተስፍሽ» ይሆናል። ቅጽል ስም የሚወጣው ከሰውየው ነው። የፈረስ ስም ደግሞ ክብር ነው፤ የሐረርጌው ገዥ የራስ መኮንን «አባ ቃኘው» ኋላ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ መጠሪያ ሆኗል። ፉርጎን ማንም ለሻለቃ አያወጣውም። እንደ ደብዳቤዎ ከሆነ ወንድምየው ባቡር፣ አያትዎ ተከታይ ናቸው። ለውጭ ሰው ይህ «የሚጎተት» ማለት ነው። የባቡር ሠራተኛ ግን ጭነቱ ያለው ፉርጎው ውስጥ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ በባልደረባ አፍ ለበጣና አድናቆት አንድ ላይ ነበሩበት፤ በልጅ አፍ ለበጣው ብቻ ይቀራል።

ጥፊው የመጣው ከዚህ ነው። አክብሮት ስለጎደለ ነው እንዳንል ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» በማለት የታወቁ ናቸው። እርስዎን ያስመታዎት የማይገባዎትን ስም መጠቀምዎ ነው፤ ቅጽል ስም የአውጪዎቹ ነው።

ሐውልቱን በተመለከተ፣ የከተማዎን ታሪክ ያስታውሱ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ለከተማዋ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ዛሬ ማን እንደዚያ ይላታል? ሕዝቡ ድሬዳዋ አለ፤ እሷንም አሳጥሮ «ድሬ» አደረጋት። አያትዎንም ለቀብር የወጣው ሰው የሚያውቃቸው በመዝገብ ስማቸው አይመስለኝም።

እኔ ብሆን እጽፈዋለሁ፤ ከሙሉ ስማቸው በታች፣ ራሱን ችሎ በአንድ መስመር። ትእምርተ ጥቅስ ግን አታስገቡ፤ የክስ ወረቀት ያስመስለዋል። ሴት አያትዎ በሕይወት ካሉ ደግሞ ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ያስፈቅዱ።