እጅ እንዳይቀዘቅዝ፦ ስለ ፈጠራ ሕይወት ለጠየቃችሁኝ መልስ

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት ጭንቀት ተመሳሳይ ነው፦ ሥዕል እወዳለሁ፣ ኑሮ ግን ቦታ አልሰጠኝም። ስምንቱን መርጫለሁ። ብዙ ሰው ያስጨንቃሉ ያልኳቸውን ሁለቱን በሰፊው መልሻለሁ፤ በሌሎቹ ላይ አጠር ብያለሁ።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቀን ቢሮ እውላለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቀለም ላውጣ እላለሁ፣ ሰውነቴ ግን እምቢ ይለኛል። ቅዳሜን እጠብቃለሁ፤ ቅዳሜም በሌላ ሥራ ያልፋል። ብሩሽ ካነሳሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሠዓሊ ነኝ ለማለት አፍራለሁ።»

ሐፍረቱን መጀመሪያ ይጣሉት። ቀኑን ሙሉ ለሌላው ሲያስብ የዋለ አእምሮ ማታ ባዶ ወረቀት አይቶ ቢሸሽ አይፈረድበትም። ለሥዕሉ የደረሰው የቀኑ ትራፊ ነው፤ በትራፊ ደግሞ ማንም አያድግም። እስቲ ከላዩ ይቁረሱለት። ቤቱ ሳይነቃ 15 ደቂቃ ይበቃል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን በአንድ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ በአርታኢነት እየሠራች፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች ትጽፍ የነበረው ልጆቹ ሳይነቁ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ አንተኒ ትሮሎፕ ደግሞ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሳለ ከንጋቱ 11፡30 ላይ ጠረጴዛው ዘንድ ይቀመጥና ሰዓቱን ከፊቱ አድርጎ በየ15 ደቂቃው 250 ቃላት ይጽፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ይሄዳል። 47 ልብ ወለዶች ጽፎ ነው ያለፈው።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ሠዓሊን የሚያደክመው መሣሉ ብቻ አይደለም። ሳጥኑን ከአልጋ ሥር መጎተት፣ የቀለም ቱቦዎቹን መደርደር፣ ጠረጴዛ መጥረግ፣ ጋዜጣ ማንጠፍ፣ ውሃ መቅዳት አለ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ፍላጎቱ ይበርዳል። ስለዚህ የዘይት ቀለሙን ሰፊ ጊዜ ለሚያገኙበት ቀን ያቆዩትና አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ሁልጊዜ የሚያልፉበት ቦታ ላይ ያኑሩ። ደብተሩ ተገልጦ፣ እርሳሱ ተቀርጾ ይደር። ጠዋት ሲመጡ መቀመጥ ብቻ ይቅርዎት።

ሲያቆሙም ሳይጨርሱ ያቁሙ። የተኛ ልጅዎን እጅ እየነደፉ ከሆነ አውራ ጣቱን ጀምረው ይተዉት። በማግስቱ «ከየት ልጀምር?» ብለው አይቸገሩም፤ ያ ግማሽ ጣት ይጠራዎታል። ቅዳሜን መጠበቁን ግን ይተዉት። ስምንት ወር የተጠበቀ ቅዳሜ ድንቅ ሥራ ካልወለደ የከሸፈ ይመስላል፤ በዚያ ፍርሃት ሥር ደግሞ እጅ አይፈታም።

«ሸራ ወጥሬ እቀመጣለሁ፣ የምሥለው ግን አይመጣልኝም። ድሮ ሐሳብ ይጎርፍልኝ ነበር። አሁን ምንጩ የደረቀ ይመስለኛል።»

እኔም ላይ ደርሷል። አንድ ጊዜ ለወራት ሐሳብ ነጥፎብኝ ሳለ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረችውን ከንፈሯ የተሸረፈ ነጭ ስኒ አነሳሁና ለ30 ቀን እሷን ብቻ ልሣል ብዬ ወሰንኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ አሰልቺ ነበሩ። በኋላ እንደገባኝ ስኒዋን እየሣልኩ አልነበረም፤ የምሥለው በልቤ ያለውን የስኒ ምልክት ነበር፦ ሁለት ቁም መስመር፣ ከላይ ሞላላ ክብ፣ በጎን ጆሮ። ስድስተኛው ቀን ገደማ የጠዋት ብርሃን ከጎን ሲመታት ነጭ አለመሆኗን አየሁ። ብርሃኑ ባረፈበት በኩል ወደ ቢጫ ታደላለች፤ ጥላዋ ውስጥ ሰማያዊ ነች፤ ከሥር ደግሞ የጠረጴዛው እንጨት ቡናማነት ሆዷ ላይ አርፏል። የተሸረፈው ቦታ ሸካራ ስለሆነ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ለስላሳ ቅብ ግን መልሶ ይረጨዋል። ለዚያች ጥፍር ለምታህል ስብራት ብቻ ሦስት ቀን ፈጀሁ። ወሩ ሲያልቅ በደብተሬ ጠርዝ ላይ ልሠራቸው የጻፍኳቸው ሐሳቦች ከአንድ ገጽ ተርፈው ነበር፤ አንዳቸውም ስለ ስኒ አልነበሩም።

ምንጭዎ አልደረቀም፤ ዓይንዎ መቅዳት ትቶ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1891 ከቤቱ አቅራቢያ ባለ ማሳ ላይ የነበሩትን የእህል ክምሮች ወደ 25 ጊዜ ያህል ሥሏቸዋል። ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር የያዘውን ሸራ አስቀምጦ ሌላውን ያነሳ ነበር። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ሞራንዲ ደግሞ ከእህቶቹ ጋር በሚኖርበት ቤት፣ እንደ መኝታም እንደ ስቱዲዮም በሚገለገልበት ክፍል ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የሣለው በአብዛኛው ጠርሙሶችንና ማሰሮዎችን ነው። አንዱን ጠርሙስ በጣት ስፋት ሲያስጠጋው በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይለወጣል፤ ክፍተቱ ሲለወጥ ሥዕሉ ሌላ ይሆናል። የእሱን ሥራዎች ባየሁ ቁጥር «ምን ልሣል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ በጣም ሰፊ መሆኑ ይታየኛል።

ያጥብቡት። ለአንድ ወር አንድ ነገር፣ ሁለት ቀለም፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ወረቀት። በመጀመሪያው ሳምንት ይሰለቻሉ፤ እባክዎን እዚያ ጋ አያቋርጡ። ዓይን የሚያውቀውን አይቶ ሲጨርስ ነው የማያውቀውን ማየት የሚጀምረው።

«ጥሩ ሐሳብ የሚመጣልኝ ስሠራ ሳይሆን ዕቃ ሳጥብ ወይም በእግሬ ስሄድ ነው። ለምን?»

አእምሮ የተሸከመውን ጥያቄ እርስዎ ባያስታውሱትም ማላመጡን አያቆምም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሄንሪ ፖዋንካሬ ጠረጴዛው ላይ ለብዙ ቀናት የታገለው ጥያቄ መልሱ የመጣለት ለጉዞ ወጥቶ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሳለ፣ ሠረገላ ላይ ለመሳፈር እግሩን ባነሳበት ቅጽበት ነበር። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ አስቀድሞ ታግሏል። ጠረጴዛ ላይ ያልተለፋበት ሐሳብ በእግር መንገድ ላይ አይበስልም። እናም ትንሽ ደብተር ከኪስዎ አትታጣ። ቤትሆቨን ለእግር ጉዞ ሲወጣ የዜማ መነሻ የሚጽፍባት የኪስ ደብተር ይይዝ ነበር። «በኋላ አስታውሰዋለሁ» የተባለ ሐሳብ በአብዛኛው ጠፍቶ ይቀራል።

«የ17 ዓመት ተማሪ ነኝ። የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እያየሁ እገለብጣለሁ። ጓደኞቼ ይህ ፈጠራ አይደለም፣ ሌብነት ነው ይሉኛል።»

ልጄ፣ ገልብጥ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎ እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890 ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት ጊዜ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሚሌን ሥራዎች ከጥቁርና ነጭ ኅትመት እያየ በራሱ ቀለም ደጋግሞ ሥሏቸዋል። ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነገሩን የሌላውን ድርሰት ከሚጫወት ሙዚቀኛ ጋር አነጻጽሮታል፤ ድርሰቱ የቤትሆቨን ቢሆንም ተጫዋቹ የራሱን አተረጓጎም ይጨምርበታል። ሌብነት የሚሆነው የሌላውን ሥራ ገልብጠህ ስምህን ፈርመህ የእኔ ነው ስትል ነው። ከሥሩ «ከእገሌ ሥራ የተወሰደ ልምምድ» ብለህ ጻፍበትና ልብህን አሳርፍ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅህ። በእጅ ብቻ አትገልብጥ። ጨርሰህ ስታበቃ ዋናውን ሸፍነህ በሌላ ወረቀት ላይ በቃልህ ድገመው። የምታስታውሰው ልብህን የነካው ነው፤ የምትስተው ቦታ ላይ ደግሞ የራስህ እጅ መውጣት ይጀምራል። ያንን ሁለተኛውን ወረቀት አትጣለው። ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ እሱ ነው የሚበልጥብኝ።

«ሥራዬን በማኅበራዊ ሚዲያ ስለጥፍ የሚወደው ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ቀን መሥራት ያስጠላኛል።»

ለጥቂት ወራት መለጠፉን ይተዉት። ይህን የምለው አድናቆት ስለማያስፈልግ አይደለም፤ ሰው ሥራው እንዲታይለት ይፈልጋል፣ እኔም እፈልጋለሁ። የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ቀስ በቀስ እጅ መምራት መጀመሩ ነው። ባለፈው ሳምንት የተወደደውን ቀለም ዛሬም ያነሳሉ፣ ያልተወደደውን ይተዋሉ፤ ዓመት ሳይሞላ የእርስዎ ያልሆነ ሥራ ይዘው ይቀራሉ። አሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ቪቪያን ማየር በሞግዚትነት እየተዳደረች ከ100,000 በላይ ፎቶግራፎችን አንስታለች፤ ለሰው ያሳየችው ግን ከቁጥር አይገባም። ፎቶግራፎቿ ሰው እጅ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2007 ዕቃዋ በጨረታ ሲሸጥ ነው። እንደ እሷ ይደበቁ አልልም፤ እንዲያውም ታሪኳ ያሳዝነኛል። ግን ያ ሁሉ ዓመት ዓይኗን ያነቃው የሰው ጭብጨባ አልነበረም። እርስዎ ሥራዎን የሚያሳዩአቸው ሁለት ሰዎች ይምረጡ፦ አንዱ የሚወድዎ፣ ሌላው እውነቱን የሚነግርዎ። ከዚያ ሌላ ለማንም የማይታይ፣ እንደልብ የሚበላሽበት አንድ ደብተር ይኑርዎት።

«58 ዓመቴ ነው። ሥዕል ለመጀመር አልዘገየሁም?»

አልዘገዩም። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ በዓለም ሁሉ የሚታወቀውን የታላቁን ማዕበል ሥዕል ሲሠራ ዕድሜው 70 ዓመት ገደማ ነበር። በ70ዎቹ አጋማሽ ላይ ሆኖም ከ70 ዓመቱ በፊት የሣለው ሁሉ ከቁም ነገር የሚገባ እንዳልሆነ ጽፏል። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሥል የኖረ ሰው ነው፤ እርስዎ ዛሬ ሊጀምሩ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ግን 58 ዓመት ያየ ዓይን ይዘው ነው የሚመጡት። እጅን ማስተማር ይቻላል። የዛሬውን ንድፍ ቀን ጽፈውበት ያስቀምጡትና ከስድስት ወር በኋላ ያውጡት።

«ኮምፒውተር በሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥቂት ሴኮንድ ሥዕል ይሠራል። እኔ ሳምንት የምለፋው ለምንድን ነው?»

እንጀራዎ በዚህ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ስጋትዎ እውነተኛ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1839 የፎቶግራፍ ሥራ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ በኋላ በትናንሽ የሰው ምስሎች ይተዳደሩ የነበሩ ብዙ ሠዓሊዎች ገበያቸውን አጥተዋል። ሥዕል ግን አልሞተም። እነ ሞኔ፣ ዴጋና በርት ሞሪሶ እ.ኤ.አ. በ1874 በፓሪስ የመጀመሪያውን የጋራ ዐውደ ርእያቸውን የከፈቱት ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር ቀድሞ ይሠራበት በነበረው ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ሠዓሊዎቹ የሚያልፈውን ብርሃንና የብሩሽን እንቅስቃሴ ይዘው ገቡ።

የሚወዱትን ሰው ፊት ለሁለት ሰዓት ተቀምጠው ሲሥሉ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ያገኛሉ፤ ሲደክመው አንዱ ትከሻው ዝቅ እንደሚል ያያሉ። ሥዕሉ ባያምር እንኳ ያንን ሰው ከዚያ በፊት ባላወቁት መንገድ አውቀውታል። ያንን ለእርስዎ አይቶ የሚሰጥዎ መሣሪያ የለም። እኔ የምለፋው ለዚህ ነው።

«ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ሳነሳ እጄ ዝም ይላል። ጥበቤም አብሮት ሄደ ይሆን?»

እግዚአብሔር ያጽናዎት። እጅዎም ሐዘን ላይ ነው፤ አያጣድፉት። ሞኔ ሚስቱ አሊስ እ.ኤ.አ. በ1911 ከሞተች በኋላ ለረጅም ጊዜ ሥራው ደንዝዞበት ነበር። ግዙፎቹን የውሃ አበባ ሥዕሎች የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው፤ ያውም የበኩር ልጁን በቀበረበት ዓመት፣ ዓይኑም መጋረድ ከጀመረ በኋላ።

ለአሁኑ ሥዕል ልሥራ ብለው አይቀመጡ። ብሩሾችዎን ለብ ባለ ውሃ ይጠቡ፣ ጸጉራቸውን በጣት አስተካክለው ያድርቁ። ሌላ ቀን ወረቀት አርጥበው አንድ ቀለም ብቻ ይልቀቁበትና ሲሰራጭ ይመልከቱ፤ ምንም ምስል አይፈልጉበት። ምናልባት አንድ ጠዋት ወንበሩን፣ ወይም በር ጀርባ የተሰቀለውን ኮቱን መሣል ያሰኝዎት ይሆናል። የኮቱ ክንድ የእሱን የክርን እጥፋት እንደያዘ ይሆናል፤ ከዚያች እጥፋት ይጀምሩ። ዕንባ ካቋረጥዎት እዚያው ላይ ይተዉትና በሌላ ቀን ይመለሱበት። የሣሉትን ለማንም ማሳየት የለብዎትም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በሚችሉበት ጊዜ ደግመው ይጻፉልኝ።