ያው ፊልም ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? «ክዋይዳን» የሚባለውን የጃፓን የመናፍስት ፊልም ድሮ ከእርስዎ ቪዲዮ ቤት በዲቪዲ ተከራይቼ አይቻለሁ። ዘንድሮ እህቴ ታድሶ የወጣውን ብሉሬይ ከአሜሪካ አመጣችልኝ። ሽፋኑ ላይ 183 ደቂቃ ይላል፤ የድሮው 161 ነበር። ሌላ ፊልም ነው እንዴ? ደግሞ ማጫወቻዬ አላነብ አለው። ከዱባይ የመጣ ነው። ጠጋኝ «ሌንሱ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?
የቦርከና ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ማሽኑን እንዳታስፈታ! ሌሎች ብሉሬዮችን የሚያነብልህ ከሆነ ሌንሱ ደህና ነው። ብሉሬይ ዓለምን በሦስት ክልል ከፍሏል። አሜሪካና ጃፓን ኤ ናቸው፤ እኛም ዱባይም ቢ ነን። የሳጥኑን ጀርባ ገልብጠህ እይ። ትንሽ ባለ ስድስት ጎን ምልክት ውስጥ ኤ ብቻ ካለ፣ ዲስኩ በቢ ማሽን አይከፈትም። ሁሉንም ክልል የሚያጫውት ፈልግ።

ፊልሙ ያው ነው። ማሳኪ ኮባያሺ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሠራው 183 ደቂቃ ነበር። ወደ ውጭ ሲወጣ ቆራረጡት። አሜሪካ ውስጥማ ከአራቱ ታሪኮች አንዱን፣ የበረዶዋን ሴት፣ ጭራሽ አውጥተው ነው ያሳዩት። እኔ ያከራየሁህ አራቱም ነበሩበት፤ ግን 22 ደቂቃ ጎድሎበት። በ2015 የወጣው እድሳት ሙሉውን መለሰልን።

«22 ደቂቃ ምን አላት» እንዳትለኝ። የዚህ ፊልም ፍርሃቱ ዝምታው ውስጥ ነው። እንጨት ሲሰነጠቅ ትሰማለህ፣ ከዚያ ጭጭ ይላል። ያንን ጭጭታ የቆረጠ ሰው ፊልሙን ነው የቆረጠው። ቀለሙም እንደዚሁ። ሰማዩ በእጅ የተቀባ መጋረጃ ነው። በረዶው ውስጥ ከሰማዩ የሚያፈጥ ዓይን አለ፤ እኔ በዚያች አሮጌ ቲቪዬ ስንት ዓመት ደመና ይመስለኝ ነበር!

ከአራቱ ታሪኮች የአንደኛውን ባለታሪክ፣ ሆይቺን ግን በደንብ እየው። ዓይነ ስውር ነው። ቢዋ የሚባል ባለ አውታር መሣሪያ እየመታ፣ በ1185 ባሕር ላይ ያለቁ ጦረኞችን ታሪክ ያዜማል፤ አዝማሪ በለው። ሙታኑ ራሳቸው ሊሰሙት በየሌሊቱ ያስጠሩታል። መነኮሳቱ ሊሰውሩት ገላውን በሙሉ ቅዱስ ቃል ጻፉበት፤ ፊቱን፣ ደረቱን፣ ጣቶቹን ሳይቀር። እናቴ ሸዋበር ቤታችን አብራኝ እያየች ነበር። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ክታብ ግን ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ከማንኛችንም ቀድማ ብድግ አለች። «ጆሮውን! ኧረ ጆሮውን ረሱት!»

ማሽን ካጣህ ሀረጎን ውጣና እኔ ዘንድ ና፤ የኔ ሁሉንም ክልል ያነባል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለምንቀመጥ ጋቢ ያዝ፤ የደሴ ብርድ እንደ ኮምቦልቻ አይደለም።