«ዲግሪ ይዘሽ ምስር ትለቅሚያለሽ?»

«በሂሳብ አያያዝ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ ቤት ከተቀመጥኩ 14 ወር ሆነኝ። ውስጤ የሚረጋው ምስር ስለቅም ብቻ ነው። እናቴ ‹ዲግሪ ይዘሽ ምስር ትለቅሚያለሽ?› ትለኛለች። ጎረቤት ‹ባልትና ክፈቺ› ይላል፤ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ‹ወደኔ ነይ› ትላለች። ማስተርስ ልማር ወይ ብዬም አስባለሁ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ሰፌድ ይዤ ስቀመጥ ከሥራ ፍለጋው እየሸሸሁ ይሆን የሚለው ነው።»

እህቴ፣ ማስተርሱን ለጊዜው ተዪው። አንድም ቀን ሳትሠሪ ተበድረሽ ሁለተኛ ዲግሪ ብትይዢ ጥያቄሽ ሁለት ዓመት ቆይቶ ይጠብቅሻል።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ግን ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። ሥራ ፍለጋ ማለቂያ የለውም። አራት ኪሎ ቆመሽ ማስታወቂያ ታነቢያለሽ፤ «2 ዓመት ልምድ» ይልሻል። «0 ዓመት» የሚል ስታገኚ ታመለክቺና ስልክ ትጠብቂያለሽ። ማለፍሽንም መውደቅሽንም የሚነግርሽ የለም። ሰፌዱ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ድፍን ምስር ውስጥ ያለ ጠጠር ቀለሙ ከምስሩ አይለይም፤ ዓይን ካልተሰበሰበ ያመልጣል። በጣትሽ ጥቂት ጥቂት እየሳብሽ ከወዲያኛው ጠርዝ ወደዚህኛው ታሳልፊያለሽ፤ ጠጠሯ ቆርቆሮው ውስጥ ቀጭ ስትል ትሰሚያለሽ። ግማሽ ኪሎው ሲያልቅ አለቀ። ቢያንስ አንድ ነገር ጀምረሽ ጨርሰሻል። ከ14 ወር ጥበቃ በኋላ ውስጥሽ በዚህ ቢረጋ ምን ያስገርማል?

እኔም አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ቀጣሪዬ ውሌን ሳያድስልኝ ሲቀር ስምንት ወር ቤት ዋልኩ። ማታ ማታ የአባቴን ሸሚዞች እተኩስ ነበር፤ መጀመሪያ ኮሌታውን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ እጅጌውን፣ በመጨረሻ ጀርባውን። ዘመድ ሲመጣ እናቴ ካውያውን ታነሳብኝ ነበር፤ የተማረ ወንድ ልጇ ሲተኩስ እንዳይታይባት። ያን ጊዜ «ተወው፣ ይተኩስ» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ብዙ ይቀለኝ ነበር።

መሸሽ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ለቅመሽ ስትነሺ ማመልከቻ ለመጻፍ ጉልበት ካገኘሽ ዕረፍት ነው። የተለቀመውን መልሰሽ መልቀም ከጀመርሽ፣ ስልክ ሲጠራ ላለማንሳት ሰፌድ የምታነሺ ከሆነ ግን እየሸሸሽ ነው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም አነጋግሪ።

ባልትና የተከበረ ሥራ ነው፤ ስንት እናት ልጅ አስተምራበታለች። ነገር ግን ግማሽ ኪሎ በራስ ፈቃድ መልቀምና ለነገ የተቀጠረ ኩንታል መልቀም ለየቅል ናቸው። የበርበሬ ዋጋ አለ፣ የወፍጮ ወረፋ አለ፣ በዱቤ ወስዶ የሚጠፋ ደንበኛ አለ። ንግድ ከወደድሽ ግቢበት። ምስር ስላሳረፈሽ ብቻ ግን አትግቢ፤ ያለሽ ማረፊያ እሱ ብቻ ነው፣ አትሽጪው።

እህትሽ አዝናልሽ ነው። በግልጽ እናውራ ከተባለ ግን ሪያድ የሚጠብቅሽ ይኸው የቤት ሥራ ነው፣ ያውም በሰው ቤት። እዚያ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ መቼ ተነስተሽ መቼ እንደምትቀመጪ የምትወስኚው አንቺ አትሆኚም። ለቤታችሁ ብር ስለላከች ብቻ የመሄድ ዕዳ የለብሽም።

ለእናትሽም ይህን አንብቢላት። እማማ፣ አራት ዓመት ስትማር የበላችው ምስር በማን እጅ ተለቀመ? ያ እጅ ካላሳፈረ የልጅዎ እጅ ለምን ያሳፍራል?

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ካልቻልሽ ተማሪ። የባንክ ቅጥር ብቻ አትጠብቂ፤ ዱቄት ፋብሪካ፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ መጋዘን፣ የንብረት ክፍል የሚሉትን ማስታወቂያዎች «ለዲግሪ አይመጥኑም» ብለሽ አትለፊያቸው። እኔ ከስምንቱ ወር በኋላ የገባሁት እህል መጋዘን ነው፤ የሚገባና የሚወጣ ኩንታል እመዘግብ ነበር። ወር ሲያልቅ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19ና የወጪ ደረሰኙን ሞዴል 22 ከቢን ካርዱ፣ ማለትም ገቢ፣ ወጪና ቀሪው ከሚመዘገብበት የመጋዘን ካርድ ጋር አመሳክር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሂሳብ ክፍል ወሰዱኝ። ያልገጠመች አንዲት ቁጥር ፍለጋ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ብርቅ ነው፤ አንቺ ግን መቀመጡን ትችይበታለሽ።

ጠዋት ማመልከቻሽን ጻፊ። ከሰዓት፣ ማንም ምንም ቢል፣ ሰፌድሽን ያዢ፤ ስልክሽን ድምፁን ከፍተሽ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ከወር በኋላ ስንት ቦታ እንዳስገባሽ ጻፊልኝ፤ ከነዚያ ውስጥ መጋዘን ስንቱ እንደሆነም ንገሪኝ።