አየሩ ሞቀ፣ ውሃው ግን ገና በረዶ ነው

ፀሐይዋ ሞቅ ማለት ስትጀምር ስለ ካንዮኒንግ የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም ይበዛሉ። ወደ ጠባብ ሸለቆ ከላይ ገብቶ፣ ፏፏቴውን በገመድ እየወረዱ፣ ኩሬውን እየዋኙ በታች በኩል ለሚወጣ ሰው የፀደይ መጀመሪያን ያህል የሚያዘናጋ ወቅት የለም። ከተላኩልኝ መካከል አስቸኳይ የመሰሉኝን መርጫለሁ።

ትንበያው 18 ዲግሪ ይላል። ቀጭን ዌትሱት (ገላ ላይ የሚጣበቀው የጎማ ልብስ) አይበቃኝም?

አይበቃዎትም። የአየሩን ሙቀት ለጊዜው ይተዉት፤ ሰውነትዎን የሚነካው ውሃው ነው፣ ውሃው ደግሞ ትናንት በረዶ ነበር። ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚነጥቀው ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ነው። በዚያ ላይ የጠባብ ሸለቆ ወለል ፀሐይ የሚያገኘው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ጭራሽ የማይደርሰውም አለ። ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሙሉ ዌትሱት፣ ከራስ መሸፈኛው፣ ከካልሲውና ከጓንቱ ጋር ይልበሱ። ውሃ ጨርሶ የማያስገባው ድራይሱት ረጅም ዋና ላለበት ቦታ የተሻለ ነው፤ ውስጡ ሱፍ ይለበሳል እንጂ ጥጥ አይለበስም። ይሁን እንጂ ሻካራ ድንጋይ ከቀደደው ውሃ ይሞላል። ዌትሱት ግን ቢቀደድም ትንሽ ያሞቃል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ስለት በሆነበት ቦታ እኔ ዌትሱትን እመርጣለሁ።

ጓንቱን ደግሞ አደራ! አንድ ጊዜ ገመድ ላስተካክል ብዬ ጓንቴን አወለቅሁ፤ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ካራቢነሩን፣ ማለትም ገመድ የሚያያዝበትን ተከፋች የብረት ቀለበት፣ ልከፍት አውራ ጣቴን ብጫነው፣ ጣቴ ብረቱን መንካቱ እንኳ አልተሰማኝም። ዓይኔ እያየ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በመጨረሻ የከፈተልኝ አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እዚያው ተንጠልጥዬ እቀር ነበር።

ዝናብ ከሌለ ደራሽ ውሃ አይመጣም ማለት ነው?

በፀደይ ውሃውን የምታመጣው ፀሐይም ናት። በረዶው የሚቀልጠው ቀን ነው፤ የቀለጠው ውሃ ወርዶ ሸለቆው ጋ እስኪደርስ ግን ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ በረዶው ቅርብ ከሆነ ውሃው በአብዛኛው ጠዋት ቀንሶ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ይሞላል። ጎህ ሲቀድ ገብተው እኩለ ቀን ሳይደርስ መውጣት የሚመከረው ለዚህ ነው። ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ ካደረ ግን ጠዋትም አያምኑትም፤ በረዶው ሲቀልጥ አድሯልና። ከሁሉ የከፋው በረዶ ላይ የሚጥል ዝናብ ነው፤ ሁለቱ ውሃ አንድ ላይ ይመጣል።

በአሜሪካ ዩታ የሚገኘው የዛየን ብሔራዊ ፓርክ፣ ናሮውስ የተባለውን ሸለቆ ውሃው በሰከንድ 150 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 4.2 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ፣ ሲያልፍ ይዘጋዋል። በፀደይ በረዶው ሲቀልጥ ለሳምንታት ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ይህ ቁጥር ግን ለዚያ ሰፊ ወንዝ የወጣ ነው። ትከሻዎ ግራና ቀኝ ግድግዳውን በሚነካበት ሸለቆ ከዚያ እጅግ ያነሰ ውሃም ይገድላል።

የራስዎ ሰማይ ጥርት ማለቱም ዋስትና አይሆንም። ነሐሴ 1997 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ በአንቴሎፕ ካንየን 11 ሰዎች ሲሞቱ ዝናቡ የጣለው ከእነርሱ ብዙ ርቆ ነበር። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ምክር አያስፈልግም፤ ወዲያው ከፍ ወዳለ ቦታ ይውጡ።

ተራራ መውጣት ስንማር የገመዱን ጫፍ ቋጥሩ ተብለናል። ፏፏቴ ስንወርድም እንቋጥር?

አትቋጥሩ። በደረቅ ገደል ላይ ቋጠሮው ሕይወት ያድናል፤ ከገመዱ ጫፍ አልፎ ከመውደቅ ይጠብቃል። ከታች ኩሬ ባለበት ፏፏቴ ግን ያው ቋጠሮ መውረጃው መሣሪያ ላይ ይወተፍና፣ ውሃው በራስዎ ላይ እየወረደ አንጠልጥሎ ያስቀርዎታል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲመታዎ መጀመሪያ የሚታወከው ትንፋሽ ነው፤ ቀጥሎ እጅዎ ይደክማል። ራስዎን ለማስለቀቅ ያለዎት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ገመዱ የውሃውን ገጽ እስኪነካ ብቻ ተለክቶ ይልቀቅ፤ ወራጁ ከጫፉ ተንሸራቶ ወጥቶ ይዋኝ። ከዚህ ከተረፈ ኩሬው ውስጥ ተጠቅልሎ እግር ይይዛል። ከላይ ሲታሰርም የሰው ክብደት እያለበት ሊለቀቅ በሚችል አኳኋን ይሁን፤ ወራጁ መሐል ላይ ቢያዝ ላይ ያለው ሰው ገመዱን እየለቀቀ ያወርደዋል። ገመድ መቁረጫ ቢላም ሁለቱም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይታሰር እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ።

የፊሽካ ምልክቱ ስንት ጊዜ ነው?

ከቡድን ቡድን ይለያያል። የአንዱ «ልቀቅ» ለሌላው «ያዝ» ሊሆን ይችላል። ከነባር ጓደኛ ጋርም ቢሆን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ፏፏቴ ሥር ጩኸት አይሰማም።

ጓደኛዬ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ተወው። ሞቀው ማለት ነው?

ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ በልቶ፣ እየተጫወተ ከሆነ አዎ። እርጥብ እንደሆነ ዝም ካለ ግን ብሶበታል። ሃይፖተርሚያ የሚባለው የውስጥ ሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው፤ ወደ 32 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ መንቀጥቀጡ ራሱ ይቆማል። ከዚያ በፊት የሚታይ ምልክት አለ፦ ይደናቀፋል፣ ቃል ይጎትታል፣ ዘለበቱን መዝጋት ያቅተዋል፣ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል።

ከውሃና ከንፋስ ያውጡት፤ ከሥሩ ገመድም ቦርሳም አንጥፈው ከድንጋዩ ይለዩት። እርጥቡን በደረቅ ይቀይሩለት። ራሱን ከሸፈኑ በኋላ ደረቱንና ብብቱን ያሙቁ። በደንብ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ይስጡት። አልኮል አይስጡት፤ እጅ እግሩንም አይሹት። መንቀጥቀጡን ካቆመ በእርጋታ ይያዝ፤ ልቡ ያን ጊዜ በቀላሉ ይታወካል። እርዳታም ቶሎ ይጠራ።

ከገባን በኋላ አስቸጋሪ ከሆነ መመለስ እንችላለን?

የመጀመሪያውን ፏፏቴ ወርዳችሁ ገመዱን ከጎተታችሁት አብዛኛውን ጊዜ አትችሉም። ስለዚህ እዚያ አፋፍ ላይ ገመዱ ሳይጎተት ቁሙ። እጃችሁን አንድ ደቂቃ ውሃው ውስጥ ነክራችሁ፣ አውጥታችሁ ካራቢነር ክፈቱ። ባለፈው ዓመት የተውነው ማሰሪያ አለ የሚል ካለም ክረምቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ የከረመ ድንጋይ ላይ መታሰሩን አስታውሱት፤ አዲስ እሰሩ። ከመካከላችሁ አንዱም እንኳ ካራቢነሩን መክፈት ካቃተው፣ በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ።