መልስ፦ ልምድ የሌለው ተመራቂ ሲቪና የሊንክድኢን ገጽ

ወንድሜ፣ በአካውንቲንግ ተመርቀህ ሲቪህን በየቦታው ብትልክም የሚደውልልህ እንደጠፋ ጽፈሃል። አይዞህ፣ የሚስተካከል ነገር ነው።

አንድ ሲቪ ለሁሉም አትላክ። ማስታወቂያው የጠየቀውን እያየህ የሚገናኘውን ወደ ላይ አውጣው። «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን አጥፋው፤ ሁሉም የሚጽፈው ነው። በምትኩ የልምምድ ጊዜህን ዘርዝር። «ሂሳብ ክፍል ተለማምጃለሁ» ብቻ አትበል። ሠርተኸው ከሆነ «የዕለት ደረሰኞችን በፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር መዝግቤአለሁ፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ አዘጋጅቻለሁ» በል። ቀጣሪው ምን መሥራት እንደምትችል የሚያየው እዚህ ላይ ነው። ያልሠራኸውን ግን እንዳትጨምር፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ያፋጥጡሃል። ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ ምናምን አያስፈልግም። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ በፒዲኤፍ ላከው።

ሊንክድኢን (ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙበት ድረ ገጽ) ላይ ከስምህ ሥር ያለችው መስመር እስከ 220 ፊደል ትይዛለች። «ሥራ ፈላጊ» ብለህ አታባክናት። «ጀማሪ አካውንታንት፣ ፒችትሪ፣ ኤክሴል» በላት፤ ቀጣሪዎች ሰው የሚፈልጉት በእነዚህ ቃላት ነው። ሥራ እንደምትፈልግ የሚያሳውቀውንም ምርጫ ክፈተው። ገጹ ላይ የምትጽፋቸው የትምህርትና የልምምድ ቀኖች ከሲቪህ ጋር ይግጠሙ።

ከፈለግህ ስምህንና ስልክህን አጥፍተህ ሲቪውን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።