«ገዳዩ» ወይስ «ገደለ የተባለው»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ስለ ስዊድኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ኦሎፍ ፓልሜ ግድያ የተጻፉ የአማርኛ ዜናዎች ግራ ያጋቡኛል። አንዱ «የፓልሜ ገዳይ» ይላል። ሌላው ያንኑ ሰው «ተጠርጣሪ» ይለዋል። «ፋይሉ እንደገና አይከፈትም» እና «ጉዳዩ እንደገና አይታይም» የሚሉም አሉ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ ላይ «ገዳይ» የሚለውን ተዉት። ለምን እንደምል እንዲታይ ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ፓልሜ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1986 ማታ ከባለቤታቸው ከሊስቤት ጋር ሲኒማ አይተው በእግር ወደ ቤት እየሄዱ ነበር። ጠባቂ አልነበራቸውም። ስቬቬገን ጎዳና ላይ ከኋላ ተተኩሶባቸው ሞቱ። የተገደሉበት ሽጉጥ እስካሁን አልተገኘም።

በ1989 አንድ ሰው ተከሶ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው። ይህ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ፍርደኛ፣ በመጨረሻም በነጻ የተሰናበተ ሆነ። አማርኛ ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ቃል አለው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት አይቻልም። ከ1989 በኋላ ይህን ሰው «ፍርደኛው» ማለት ሐሰት ነው። «ተከሶ በነጻ የተሰናበተው» ነው የሚባለው። ይረዝማል፤ ይርዘም።

እርስዎን ያደናገረዎት ግን ሁለተኛው ሰው ይመስለኛል። ጁን 10 ቀን 2020 ዐቃቤ ሕጉ ክሪስተር ፔተርሶን መግለጫ ሰጡ። ግድያው ከተፈጸመበት ቦታ አጠገብ ይሠራ የነበረ የኢንሹራንስ ኩባንያ ባልደረባን በስም ጠሩ። ሰውየው በ2000 ሞቷል። ሟች አይከሰስምና ምርመራውን ዘጉት። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ሌላ ከፍተኛ ዐቃቤ ሕግ፣ ሌናርት ጉኔ፣ ማስረጃው ይህን ሰው ገዳይ ነው ለማለት አይበቃም አሉ። ምርመራውን ግን መልሰው አልከፈቱትም።

እንግዲህ «ገዳይ» የሚለውን ቃል እንየው። ይህ ስም ባይ የለውም። ማን አለ? መቼ አለ? በምን ማስረጃ? አንዱንም አይነግረንም። በፉከራ ላይ ገዳይ ምስጋና ነው፤ ጀግናው ራሱ በአደባባይ ይለዋል። በወንጀል ዜና ላይ ግን ነፍሰ ገዳይ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ማለት የሚችለው ፍርድ ቤት ነው። ያ ሟች አልተከሰሰም፣ ዳኛ ፊት አልቆመም፣ «አላደረግሁም» የሚልበት ዕድል አላገኘም። ስለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ።

«ገደለ የተባለው» ይሻላል፤ ቢያንስ አንድ ባይ እንዳለ ይጠቁማል። ከሁሉ የሚሻለው ባዩን መጥራት ነው፦ «ዐቃቤ ሕጉ በ2020 ገድሏል ብለው የጠረጠሩት»። ከ2025 በኋላ ደግሞ «ተጠርጥሮ የነበረው» መባል አለበት። «የነበረው» ከጠፋ ዜናው አምስት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው።

ወደ ፋይሉ ልምጣ። «ፋይሉ አይከፈትም» ቢባል ሰው ይገባዋል፤ ስሕተት አልለውም። ግን የራሳችን የፍርድ ቤት አነጋገር አለን። ተከሳሽ ሳይገኝ ሲቀር «መዝገቡን የማንቀሳቀስ መብቱ እንደተጠበቀ ሆኖ መዝገቡ ተዘግቷል» ይባላል። መዝገብ ይዘጋል፣ መዝገብ ይንቀሳቀሳል። እኔ «የተዘጋው መዝገብ አይንቀሳቀስም» የሚለውን እመርጣለሁ።

«ጉዳዩ እንደገና አይታይም» የሚለው ግን ሁለት ነገር ያደባልቃል። በ1998 የስዊድን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነጻ የተሰናበተው ሰው ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበውን ጥያቄ አልተቀበለም። ያ ዳግም ዳኝነት ነው፤ የተሰጠ ፍርድ እንዲመረመር መጠየቅ ማለት ነው። በ2025 የተነሳው ምርመራ ነው። ፍርድ የሌለበትን ነገር «እንደገና ይታይ» ማለት አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። «በይርጋ ተዘጋ»፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደቡ አለፈ ብለው የሚጽፉ ካጋጠሙዎት አይቀበሏቸው። በስዊድን የግድያ ወንጀል ይርጋ 25 ዓመት ነበር፤ ይህ መዝገብ በ2011 ይታገድ ነበር። በ2010 የወጣው ሕግ ቀድሞ ይርጋውን አነሳው።

ዜናውን እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «የስዊድን ዐቃቤ ሕግ፣ በ2020 በፓልሜ ግድያ ተጠርጥሮ በነበረው ሟች ላይ የቀረበው ማስረጃ በቂ አይደለም አለ። የተዘጋው የምርመራ መዝገብ ግን አይንቀሳቀስም።»